በረኪናና ሎሚ እንዳይገናኙ

ጎንደር፣ ማራኪ
ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም ሐረገወይን፣

በሰው አገር የምትረግጪውን መሬት እመብርሃን ታለስልስልሽ፣ ደብዳቤዬ ስትደርስሽ በጤና ታግኝሽ። እኔ ደህና ነኝ፣ ኧረ ደህናስ አይደለሁም፣ ደብዳቤ ሲጀመር ደህና ነኝ ይባላል ብለው ስላስተማሩን ነው።

የትነበርሽ ነኝ፣ የትክል ድንጋይዋ፣ እናትሽና አያቴ እህትማማች የሆኑት። በእህቴ ሠርግ ጊዜ ሻሽ ሰጥተሽኝ «ሲቸግርሽ ጻፊልኝ» ብለሽኝ አልነበር? ይኸው ቸገረኝ። በስልክ ያልነገርኩሽ የምኖርበት ቤት ግድግዳው ጣውላ ስለሆነ ነው፣ እማማ የዓለምወርቅ ከወዲያ ሆነው ስተነፍስ እንኳን ይሰሙኛል፣ ነገሩ ደግሞ የሳቸው ነው። ዳታው እንደሆነ የለም። ነጋዴው አያ ዐብዱረሕማን ዱባይ ለዕቃ ሲሄድ ያደርስልኛል ብዬ ነው በዚች በአምስተኛ ክፍል ፊደሌ የምጽፍልሽ፣ ስትስቂብኝ እንዳላይሽ።

እማማ የዓለምወርቅ እዚህ ማራኪ ለተማሪዎች ቤት ያከራያሉ። እኔ የተማሪዎቹን ልብስ አጥባለሁ፣ እሳቸው ማደሪያ ሰጡኝ፣ ከሳቸው ጋር እበላለሁ፣ ማታ ትምህርት አስገባሻለሁ ብለውኛል። እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል እታለም። ከዚህ ቤት ከወጣሁ መመለሻዬ ትክል ድንጋይ ነው፣ እዛ ደግሞ አባቴ ለማላውቀው ሰው ሊድረኝ ቃል ሰጥቶብኛል።

ባላቸው አያ ውዱ ባለፈው ሚያዝያ ሞቱ። እማማ የዳባት ሰው ናቸው፣ እንደ አገራቸው ብለው የባላቸውን ነጭ ጋቢ የግራር ቅርፊት ቀቅለው፣ የረግረግ ጥቁር ጭቃ አስመጥተው፣ እሱ ውስጥ ነክረው አጠቆሩትና ለሐዘን ለበሱት። ሚያዝያ 23 ሙት ዓመቱ ነው፣ ያን ቀን ከል ያወጣሉ። ሰው ሁሉ «ለነዳያን ስጪውና አዲስ ልበሺ» ይላቸዋል። እሳቸው ግን «ውዱ ታሞ የተጠቀለለበትን? አነጣዋለሁ እንጂ አልሰጥም» አሉ። ከዛ ወደኔ ዞሩና «ታነጪዋለሽ?» አሉኝ።

«ኧረ ይሄማ ለኔ ምን አላት!» አልኳቸው። አፌ ይቆረጥ።

የተማሪዎቹ ነጭ ጋውን በበረኪና ቦግ ነው የሚለው። እኔም ጥምቀት አልፎ ግቢው ጭር ሲል ጋቢውን በሳፋ አድርጌ አንድ ጠርሙስ በረኪና ገለበጥኩበት። ጥቁሩ እያየሁት ጠፋ፣ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ከዛ ቢጫ ሆነ። ከዛ ቀላ፣ እንደ ዛገ ቆርቆሮ! ደነገጥኩና ሌላ ጠርሙስ ጨመርኩ፣ ጭራሽ ባሰበት፣ ዓይኔም አነባ፣ እጄም ተላጠ። አሁን በፌስታል ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር ነው ያለው። እማማ ሲጠይቁኝ «ጎረቤት ግቢ ፀሐይ ላይ ነው» አልኩ።

እባክሽ እታለም፣ አንቺ ትልቅ ሆቴል ልብስ ቤት ነው የምትሠሪው፣ የውጭ አገር ኃይለኛ በረኪና ላኪልኝ። ከተከራዮቹ አንዷ ደግሞ «ዝገት በሽንት ቤት አሲድ ይለቃል፣ በረኪናው ላይ ጨምሪበት» ብላኛለች። ልሞክረው ወይስ ልጠብቅሽ? ቶሎ በይልኝ።

እግርሽን የምስም
የትነበርሽ


ዱባይ
ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየትነበርሽ፣

ሌላውን ሰላምታ ቆይቼ እሰጥሻለሁ፣ አስቀድመሽ ይህችን ስሚኝ። አሲድ እንዳትጨምሪ! ደብዳቤሽን ቁሜ ነው ያነበብኩት፣ ወዲያው ደወልኩ፣ ስልክሽ ዝግ ነው። አያ ዐብዱረሕማንን «ቦርሳህን ቤትህ ሳታስቀምጥ በፊት እሷ ዘንድ ሂድ» ብዬዋለሁ። «ሚስቴን ሳላይ?» አለኝ። ሳታይ፣ አልኩት።

በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን የሚባል ጋዝ ይወጣል። እንደ ጭስ አይደለም፣ አይታይሽም፣ የሚነግርሽ ሽታው ነው። በአፍንጫሽ ገብቶ ሳንባሽ ውስጥ ካለው ርጥበት ጋር ሲገናኝ እሱ ራሱ አሲድ ይሆናል፣ ከውስጥ ያቃጥልሻል። የሽንት ቤቱ አሲድ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ኮምጣጤም ሎሚም ያው ናቸው። እዚህ አንድ ቀን ያየሁት ነገር አለ፣ ይቅር፣ ሌላ ጊዜ።

አሁን እንደምን ሰነበትሽ የኔ ቆንጆ። «ይሄማ ለኔ ምን አላት» ያልሽውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፣ የኛ ዘር መቼም ሥራ አያውቅም ከሚባል ቢሞት ይሻለዋል።

በረኪና አልልክልሽም። አትቀየሚኝ፣ ኃይለኛው የባሰ ያበላሸዋል። ሕንዳዊቷ አለቃችን እንዳስተማረችኝ ልንገርሽ። በረኪና የሚበላው ቀለምን ነው። ያ ጥቁር ግን ቀለም ብቻ አይደለም፣ የረግረግ ጭቃ ውስጥ ብረት አለ። የግራሩ ጭማቂ ብረቱን ይዞ ነው የጠቆረው። በረኪናው የግራሩን ጭማቂ በላና ብረቱን ክሩ ውስጥ ትቶት ሄደ፣ ከዛ ደግሞ አዛገው። ያቀላብሽ ዝገት ነው፣ ሚስማር ዝናብ ላይ ሲያድር እንደሚሆነው። ሌላ በረኪና ብትጨምሪበት ብረቱን አይነካም፣ ጥጡን ነው የሚበላው፣ ጋቢው ወንፊት ይሆንብሻል።

እና እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ በብዙ ውሃ እጠቢው፣ ድፊ፣ ደግሞ እጠቢው፣ አፍንጫሽን አስጠግተሽ በረኪና በረኪና እስካልሸተተሽ ድረስ አታቁሚ። ሳፋውንም እጠቢ። ከዛ ፀሐይ ላይ ይዋል፣ ይድረቅ። በሌላ ቀን፣ በዛው ቀን አይደለም፣ ሎሚ ጨምቀሽ ከጨው ጋር ዝገቱን ቀቢውና ፀሐይ ላይ አስጪው። ሎሚው ዝገቱን ከክሩ ያላቅቀዋል። ሲደርቅ በውሃ አጥበሽ እንደገና። ቶሎ አይለቅም፣ ታገሺ። ደብቀሽ ቤት ውስጥ እንዳትሠሪው፣ ውጭ ነው፣ ነፋሱ ከኋላሽ ይምጣ። ዓይንሽን ካቃጠለሽ ጥለሽው ሩጪ። ጋቢ ይተካል፣ አንቺ አትተኪም።

ለእማማም ንገሪያቸው። ክፉ ሰው አይመስሉኝም።

ጤናሽን ለአንቺም ለኔም ጠብቂልኝ፣
ሐረገወይን


ጎንደር፣ ማራኪ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም፣

እድሜሽን ያርዝመው፣ የወለደችሽ ማሕፀን ትባረክ። አያ ዐብዱረሕማን ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ መጣ፣ «እንቺ፣ ትዳሬን ነው የሰዋሁልሽ» አለኝ። ልጅቱ ያለችኝን አሲድ ገዝቼ ነበር እኮ እታለም! አንቺ ዝም እንዳልሽኝ ሳስብ ተስፋ ቆርጬ በማግስቱ ልደፋው ነበር፣ በሩን ዘግቼ፣ እማማ እንዳይሰሙ ብዬ። በሩን ዘግቼ! ለዚች ነፍሴ ምን ብዬ እንደማመሰግንሽ አላውቅም፣ ቃሉን አላስተማሩኝም።

አሲዱን ለባለሱቁ መለስኩለት፣ ልጅቱንም ነገርኳት፣ «ውይ፣ እኔስ ሰምቼ ነው እንጂ መች ሞከርኩት» አለች። የሞት መካሪ።

ያልሽውን ሁሉ አደረግኩ። ክንዴ እስኪዝል አጠብኩት፣ አሸተትኩት፣ ደግሞ አጠብኩት። ሎሚውን ከእንፍራንዝ የመጣ ነው ብላ አንዲት ሴት ሸጠችልኝ፣ ቆዳው ቀጭን፣ ጭማቂው ሸጋ። ጎረቤት ግቢ አስፈቅጄ ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት፣ ውሸቴ እውነት ሆነልኝ። መጀመሪያ ምንም የለም፣ አለቀስኩ። በሦስተኛው ከጫፉ በኩል እንደ ሻይ የነበረው እንደ ወተት ሻይ ሆነ። እታለም ጮኼ ጎረቤቲቱ እባብ ያየሁ መስሏት ዱላ ይዛ ወጣች!

ግን አንገት ላይ የሚያርፈው ጠርዙ እምቢ አለኝ። ደርቆ እንደ ቆዳ ነው፣ ሎሚው ላዩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይገባም። የአያ ውዱ ላብና የራስ ቅቤ ነው፣ ላዩ ላይ ደግሞ የእማማ የዓመት ላብ። ምን ይሻለኛል?

ለእማማ አልነገርኩም። ልነግር እሄድና እግሬ ይመለሳል። ትላንት «ያ ጎረቤት ፀሐዩ ከኛ ፀሐይ ይለያል እንዴ?» አሉኝ። ሳቅሁ፣ እሳቸው አልሳቁም።

ሌላ ደግሞ፣ አያ ዐብዱረሕማን «ዘመድሽ ክፉኛ ትስላለች» አለኝ። ምነው እታለም? ብርድ ነው?

ውለታሽ የከበዳት
የትነበርሽ


ዱባይ
የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየትነበርሽ፣

የጾሙ መጀመሪያ እንዴት ያዘሽ? አያ ዐብዱረሕማን ለረመዳን ቤቱ ለመድረስ ይቸኩላል፣ እኔም ባጭሩ ልጻፍ።

ካልሲ ውስጥ ጠቅልዬ የላክሁልሽ ዱቄት ሳሙና ነው፣ ግን እንደ ተራው አይደለም፣ ኢንዛይም የሚባል ነገር አለበት። ጠላ ስትጠምቂ ብቅሉ ዱቄቱን እንደሚያጣፍጠው ታውቂያለሽ? ብቅል ውስጥ ያለው እሱ ነው። ሕይወት የለውም፣ ግን ሥራ ያውቃል፣ ትልቁን ነገር ቆራርጦ ውሃ እንዲወስደው ያደርገዋል። አንዱ ቅባት ይቆርጣል፣ አንዱ ላብና ደም፣ አንዱ የምግብ እድፍ። ያንገቱን ድርቀት እሱ ይከፍትልሻል፣ ከዛ ሎሚው ይገባል።

ሁለት ነገር እንዳትረሺ። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፣ እጅሽን ነክረሽ የምትችዪው። ብታፈዪው ብቅል ሲቀቀል እንደሚበላሸው ይበላሻል፣ ሥራው ይቀራል። በረኪና ደግሞ አታስጠጊበት፣ በረኪና ያገኘውን ሁሉ ስለሚበላ ኢንዛይሙንም ይበላዋል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያደርግ ሰው ሁለቱንም ያባክናል። በተረፈ ጋቢው ጥጥ ነው፣ ችግር የለም፣ ሱፍና ሐር ላይ ግን እንዳታደርጊው፣ እነሱ የበግ ፀጉርና የትል ክር ናቸው፣ ከላቡ ጋር አብሮ ይቆርጣቸዋል። እጅሽም ሥጋ ነው፣ ጓንት አድርጊ። ካጣሽ ፌስታል እሰሪበት።

ስለ ሳሉ አትጨነቂ። የአየሩ ነው።

ለእማማ ንገሪያቸው ብየሻለሁ።

ሐረገወይን


ጎንደር፣ ማራኪ
መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም፣

ፊደልሽ ምነው ተንቀጠቀጠ? ያለፈው ደብዳቤሽ ቀጥ ያለ ነበር፣ የአሁኑ መስመሩን እየለቀቀ ይወርዳል። አያ ዐብዱረሕማንን ብጠይቀው «እሷ ያላለችውን እኔ አልልም» ብሎ ጫማውን ያያል። እሱ እስከ ኢድ አይንቀሳቀስም፣ ይህች ደብዳቤ እሱ ዘንድ ተቀምጣ ትጾማለች፣ እኔም እየፈራሁ እጠብቃለሁ።

ጠርዙ ለቀቀልሽ! ለብ ባለ ውሃ፣ እጄን በፌስታል አስሬ፣ አሳድሬው ጠዋት ሳየው ውሃው እንደ ድፍርስ ጠላ ሆኗል፣ ጨርቁ ለስልሷል። ደስ ብሎኝ ስፈትገው ጣቴ በወዲያ ወጣ። ቀዳዳ! ያ መጀመሪያ በረኪናውን ሳላቀጥን የደፋሁበት ቦታ ነው፣ ክሩ ሳስቷል፣ ነግረሽኝ ነበር።

ከዚህ በላይ ልደብቅ አልቻልኩም እታለም። እርጥቡን ጋቢ እንደታቀፍኩ እማማ ፊት ሄጄ ተንበረከክሁ፣ ውሃው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ከበረኪናው እስከ ቀዳዳው ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አወራሁት።

እሳቸው ምስር ይለቅሙ ነበር። ቀና አላሉም። «እኔ አፍንጫ የለኝም መሰለሽ?» አሉኝ። «ያን ቀን ቤቱ ሁሉ በረኪና በረኪና ሲል ማነው ያፈሰሰው ያልኩሽን ረሳሽው? አልጋሽ ሥር ስጠርግ ፌስታሉን አይቻለሁ። መቼ ትነግረኛለች ብዬ ነው የተቀመጥኩት።»

«ያባርሩኛል?» አልኳቸው።

ምስሩን ነፉት፣ ገለባው እኔ ላይ መጣ። «ሚያዝያ 23 እነግርሻለሁ። አሁን ተነሺ፣ ወለሉን አርጥበሽብኛል።»

እንግዲህ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ እወቂው። ቀዳዳውን ግን ማታ እንዝርት አንስተው ራሳቸው ክር ሲፈትሉለት አየሁ።

ጻፊልኝ፣ ስለራስሽ ጻፊልኝ፣
የትነበርሽ


ዱባይ
መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየትነበርሽ፣

ጎበዝ። ከኔ በልጠሻል። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፣ አያ ዐብዱረሕማን ጫማውን እያየ እንዳያረጅ።

ያኔ «ሌላ ጊዜ» ያልኩሽ ነገር ባለፈው ኅዳር የሆነ ነው። አዲስ የመጣች ልጅ፣ እንዳንቺ ትንሽ፣ ውሃው ማጠቢያ መኪናው ላይ የሚተወውን ኖራ የሚያለቅቀውን አሲድ በረኪና የቀረበት ባልዲ ውስጥ ቀዳችው። ጠባብ ክፍል ነው፣ መስኮት የለውም። ስትጮህ ገብቼ ጎትቼ አወጣኋት። እሷ ዳነች፣ ተመስገን፣ እኔ ግን ከዛ ወዲህ ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ ያጥረኛል፣ ሲብስ እጄ ይንቀጠቀጣል። ያን ቀን ደህና ነኝ ብዬ ለአለቃዬ አልነገርኩም። ብነግር ወደ አገርሽ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። እስካሁንም የምሠራው እዛው በረኪናው ክፍል ነው።

ለዚህ ነው «አሲድ ልጨምር» ያልሽውን ሳነብ የጮህኩብሽ። ደብዳቤሽ ባይደርሰኝ ኖሮስ እያልኩ ሌሊቱን አልተኛሁም ነበር።

ሙት ዓመቱን እግዜር በሰላም ያውላችሁ። እማማ ያሉሽን ጻፊልኝ፣ እኔም እንዳንቺ ፈርቼ እጠብቃለሁ።

ሐረገወይን


ጎንደር፣ ማራኪ
ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም ሐረገወይን፣

ከሞት የተነሣው ጌታ ለደረትሽ አየር፣ ለጉልበትሽ ብርታት ይስጥልኝ። ትላንት ሙት ዓመቱ ሆነ፣ ዛሬ ሳፋ ሳልነካ በፊት ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

እማማ ሌሊት ተነስተው ጋቢውን ለበሱ። ነጭ ነው እንዳልልሽ ነጭ አይደለም፣ እንደ እርጎ ነው፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ የተፈተለለት ክር ብቻውን ቦግ ይላል። ቤተ ክርስቲያን ግቢ አንዲት ዘመዳቸው ጫፉን ይዛ እያገላበጠች «ኧረ የዓለም፣ ይሄ በደንብ አልነጣም፣ ማን ነው ያጠበው?» አለች። እኔ ዛፍ ሥር ተደበቅሁ። እማማ ምን ቢሉ ጥሩ ነው፣ «ዓመት ሙሉ አልቅሼበት፣ ምንም እንዳልነበረ ይንጣ እንዴ?» ሴቲቱ ጫፉን ለቀቀች።

ቤት ስንመለስ አባቴ ቁጭ ብሏል እታለም! ከትክል ድንጋይ መጥቶ። «እዝን ልደርስ ነው የመጣሁ» ይላል፣ ግን አንድ ተጨማሪ በቅሎ ይዟል፣ ለኔ መሆኑ ነው። ጠላ ቀዳሁለት። ሰው በልቶ ሲጨርስ «እንግዲህ ልጄን ልውሰድ፣ ሽማግሎች ይጠብቃሉ» አለ። እኔ እማማን አየኋቸው፣ እሳቸው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ይቺን ጋቢ ታያታለህ?» አሉት። «ያበላሸቻት ልጅህ ናት።»

አለቀልኝ አልኩ።

«ያዳነቻትም ልጅህ ናት። ደብቃ ነበር፣ ኋላ ራሷ መጥታ ነገረችኝ። እኔ አርጅቻለሁ፣ የሚያበላሽ አላጣም፣ አበላሸሁ ብሎ የሚነግረኝን ግን ከየት አመጣለሁ? መስከረም ትምህርት ትገባለች። በቅሎህን ሌላ ጫንባት።»

አባቴም «እኔ ዘንድም ሰሃን ሰብራ ደብቃ አታውቅም ነበር» አለ። ይዋሽ፣ የሰበርኩትን ሁሉ ቀብሬያለሁ! ሰው ሳቀ፣ እሱም ሳቀ፣ ዛሬ ጠዋት በባዶ በቅሎው ሄደ። ሲሄድ ግንባሬን ስሞኛል።

የሳልሽን ነገር ለእማማ ነግሬያቸው፣ አሁን አጠገቤ ተቀምጠው ምን ጻፍሽ ይሉኛል። «ለዛች ልጅ እንዲህ በያት» ብለውኛል፣ ራሳቸው እንዳሉት ልጻፈው፦ «የማላውቅሽ ልጄ፣ ይቺን ልጅ ከሞት መልሰሽልኛል፣ ጋቢዬንም። ዛሬ ጠዋት ጸሎቴ ላይ ስምሽን ከውዱ ስም ቀጥዬ ጠርቻለሁ፣ ሌላ የምከፍልበት የለኝም። ፌስታል አልጋ ሥር ቢደበቅ ይሸታል። ሳልም ቢደበቅ ያው ነው።»

እኔ ደግሞ መጀመሪያ በረኪና ላኪልኝ አልኩሽ፣ ኋላ የአንገቱን መላ በይልኝ አልኩሽ፣ አንዱን በደግ ከለከልሽኝ፣ አንዱን ላክሽልኝ። አሁን አንድ የመጨረሻ ነገር ልለምንሽ። ያቺ ሕንዳዊት ያን ሁሉ ያስተማረችሽ ክፉ ሰው አትመስለኝም። ንገሪያት። በሯ ላይ ብትፈሪ እንደኔ እርጥብ ነገር ታቅፈሽ ግቢ። ልብስ ማጠፊያው ጋ፣ መስኮት ያለበት ቦታ ስጪኝ በያት።

የጥር ወሩን ደብዳቤሽን ትራሴ ሥር ነው የማስቀምጠው፣ አሁን አውጥቼ ካንቺው ወደ አንቺው ልገልብጠው፦ ነፋሱ ከኋላሽ ይምጣ። ዓይንሽን ካቃጠለሽ ጥለሽው ሩጪ። ሥራ ይተካል፣ አንቺ አትተኪም።

ልጅሽ
የትነበርሽ